በእርስዎ ስድስት ሰዓት

ዋይትሆል፣ ኮሎምበስ
ኤፕሪል 18 ቀን 2020

ለምወድዎ ለእትዬ ሰናይት፣

ጌታ ባሉበት ይጠብቅዎ። አሰላ ዝናብ ጀምሯል ብሎ አባዬ ነግሮኛል፤ ጉልበትዎን ብርድ እንዳያገኘው። እኛ አለን።

ይህ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስዎ አላውቅም። አውሮፕላን ስለቀነሰ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ጠፋ፣ ስለዚህ በፖስታ ልኬዋለሁ። ለጆሮ ማዳመጫዎ የሚሆኑትን ትንንሾቹን ባትሪዎች ከውስጥ ያገኟቸዋል። አባዬ «እህቴ ስልክ ቢሰማት ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባልኖረ» ይላል። እኔ ግን ደብዳቤ ይሻለኛል። በስልክ ምን እንደምል ይጠፋኛል። እርስዎ ጋ ሳድግም እንዲሁ ነበርኩ፣ ያውቁኛል።

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እውነት ለመናገር አልከፋኝም። እንግሊዝኛው ገና አልገባኝም፣ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ ላብ ያጠምቀኛል። አሁን ትምህርቱ በኮምፒውተር ስለሆነ ካሜራዬን አጥፍቼ እቀመጣለሁ።

አባዬ ሌሊት ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል። ጠዋት ሲመጣ ልብሱን በር ላይ አውልቆ በፌስታል ያስራል፣ ሳያናግረኝም ገብቶ ይታጠባል። ሰው እየሞተባቸው ነው። ስንት እንደሆኑ አይነግረኝም፣ እኔም አልጠይቅም።

ቸርቻችንም ተዘግቷል። ሕንጻውን የምንከራየው ከአሜሪካኖች ስለሆነ ቁልፉን መልሰው ወሰዱት። የጠዋት ጸሎት አሁን በስልክ ሆኗል። አንድ ቁጥር አለ፤ ሁሉም እዚያ ላይ ሲደውል አንድ ክፍል እንደገባ ሰው እርስ በርሱ ይደማመጣል። ነገር ግን አንድ ሰው ቀድሞ በሚስጥር ቁጥር ካልከፈተው፣ የደወለው ሁሉ የሚሰማው ሙዚቃ ብቻ ነው። ሽማግሌያችን ጋሽ ነጋ ደውለው «አንቺ ማራኪ፣ አባትሽን ለመቀበል በማለዳ ትነሻለሽ አሉ። ደግሞ ወሬ አታበዢም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስመሩን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ፈልጌ አይደለም፣ እምቢ ማለት ስለማልችል ነው።

መናገር የለብኝም። መክፈት ብቻ ነው።

ልጅዎ ማራኪ


አሰላ
ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ልጄ ማራኪ፣

የጌታ ዓይን ካንቺ ላይ አይነሣ። ደብዳቤሽ በስንት ጊዜው ደረሰኝ። ፖስታው በአንድ ጎኑ ረጥቦ ነበር፣ ጽሑፍሽ ግን አልጠፋም። ባትሪዎቹም በደህና መጥተዋል። አንዱን ከትቼ መጀመሪያ የሰማሁት የጎረቤቴን አህያ ነው። ምን ይደረግ፣ እሱም ሰላምታ ነው።

ወንድሜ ግርማቸው ዝም ሲል አመመው ማለት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። አትጠይቂው፣ ትኩስ ነገር አቅርቢለትና አጠገቡ ቁጭ በይ። ጠያቂ ሲበዛበት ይሸሻል።

«መክፈት ብቻ ነው» ብለሽ ጽፈሻል። እዚህ የቤተ ክርስቲያናችንን በር የሚከፍተው ሳህሌ የሚባል ሰው ነው። ስሙን ያወቅሁት አንድ ቀን ዘግይቶ ሁላችንም ዝናብ ላይ ስንቆም ነው። እስከዚያ ድረስ በሩ በራሱ የሚከፈት ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ ከታመምሽ ለሌላ ሰው ስጪ እንጂ፣ ሊጸልይ የደወለ ሰው ሙዚቃ ሲሰማ እንዳይቆም።

የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ባትሪ ጨምሪልኝ። ቶሎ ቶሎ ያልቃሉ።

አክስትሽ ሰናይት


ዋይትሆል፣ ኮሎምበስ
ኦክቶበር 10 ቀን 2020

ለምወድዎ ለእትዬ ሰናይት፣

ጌታ ጤናዎን ያብዛልዎ። አሁንም እየከፈትኩ ነው። አባዬ አጠገብም እንዳሉኝ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ሻዩን ይጠጣል፣ አንዳንዴም ብርጭቆውን እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደዋል።

እስቲ ትንሽ ላስቅዎ። መስመሩ ላይ የሚገባው ሰው ብዙ ነው፣ ሁሉም ደግሞ ከነቤቱ ነው የሚገባው። የሕፃን ለቅሶ፣ የቧንቧ ውኃ፣ የመኪና በር ሁሉ ይሰማል። ጋሽ ለማ የሚባሉ ሰው ጸሎት ከተጀመረ ብዙም ሳይቆዩ ያንኮራፋሉ። ባለፈው ደግሞ ጋሽ ነጋ እያመሰገኑ ሳለ አንዲት ሴት «ካልሲህን የምጠብቅልህ እኔ ነኝ?» ብላ ጮኸች። ማን እንደሆነች ሁላችንም አወቅናት፣ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ጋሽ ነጋ ቀጠሉና «ጌታ ሆይ፣ የጠፋውንም ካልሲ በእጅህ እናስቀምጣለን» አሉ። በሳቅ ልሞት ነበር። ደግነቱ የእኔ ድምፅ ዝግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ነጋ «ማራኪ፣ ይህንን ገበያ ዝጊልን» አሉኝ። እኔም በስልኬ ላይ የሁሉንም ድምፅ የሚዘጋውን ተጫንኩት። ከእንግዲህ የሚገባ ሰው ሁሉ ድምፁ ተዘግቶ ነው የሚገባው። የሌላውን ይሰማል፣ የእሱ ግን አይሰማም። መጸለይ የፈለገ ስታር ምልክቷንና ስድስት ቁጥርን ሲጫን ድምፁ ይከፈታል። አሁን ጸጥ ብሏል። ጸጥታው ጥሩ ነው፣ የጋሽ ለማ ማንኮራፋት ግን ትንሽ ናፈቀኝ።

እርስዎስ ቤተ ክርስቲያን ተከፈተልዎ? ዘንድሮ ማን ነው የሚሰብከው? ይጻፉልኝ። ባትሪውን ወደዚያ በሚመጡ ሰዎች እጅ ልኬያለሁ።

ልጅዎ ማራኪ


አሰላ
ጥር 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ማራኪ፣

ጌታ መውጣት መግባትሽን ይባርክ። የካልሲዋን ሴትዮ ለሳህሌ ነገርኩት፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ገናን በቤተ ክርስቲያን አከበርን። መዘምራኑ አዲስ ልብስ አሰፍተዋል፣ አንገቱ ላይ ወርቅማ ጥልፍ አለው። ከፊት የምትቆመዋ ልጅ ስትዘምር ዓይኗን ጭፍን አድርጋ ነው፤ ፊቷን ማየት ደስ ይላል። ሰባኪው አዲስ ልጅ ነው። እጁን በጣም ያወናጭፋል። ጎበዝ ይመስለኛል።

ባትሪ ለጊዜው አትላኪ። አለኝ።

ግርማቸውን ሳሚልኝ።

አክስትሽ ሰናይት


ዋይትሆል፣ ኮሎምበስ
ጁን 20 ቀን 2021

ለምወድዎ ለእትዬ ሰናይት፣

ሰላምዎ ይብዛ። ብዙ ቆየሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። የምጽፈው ነገር ስላጣሁ ነው።

ቸርች ተከፍቷል። ሰው ሁሉ ተቃቅፎ አለቀሰ፣ እኔ ኮት መስቀያው ጋ ቆሜ አየኋቸው። አባዬ ሥራ ቀይሮ ኤርፖርቱ አጠገብ መጋዘን ገብቷል፤ አሁንም ሌሊት ነው። ከመጦሪያው ስለወጣ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ግን ያው ነው። የሞቱትን ሰዎች ስም አንዳንዴ በእንቅልፉ ይጠራል።

ሰው ወደ ሕንጻው ሲመለስ መስመሩ እየሳሳ ሄደ። ጋሽ ነጋም ጸሎቱን ቅዳሜ ቅዳሜ በአካል አደረጉት። «ዝጊው» ያለኝ ግን የለም፣ የረሱት ይመስለኛል። ሄጄ መጠየቅ አፈርኩና እንደ ልማዴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እከፍታለሁ።

አሁን የሚገባው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከፋሲካ ወዲህ የመጣ ነው፤ ቁጥሩ እንጂ ስሙ አይታይም። በመጀመሪያው ቀን እንደ ምንም ደፍሬ «ማን ልበል?» አልኩ። መልስ የለም። በማግሥቱም «ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። ዝም። ሰዓቱ እስኪያልቅ ይቆይና ይወጣል። በነጋታው ይመለሳል።

እኔም ዝምተኛ ስለሆንኩ አልቀየምኩትም። መናገር የሚከብደው ሰው ይሆናል። ግን እትዬ፣ ሁለት ሰዎች ስልክ ይዘው ዝም መባባላቸው ጸሎት ይባላል? ለማንም የማይጠቅም ነገር ይመስለኛል። መዝጋት እፈልጋለሁ። ዝጊ ካሉኝ እዘጋዋለሁ።

ባትሪ አለቀ ወይ? ለረጅም ጊዜ አልጠየቁኝም።

ልጅዎ ማራኪ


አሰላ
ነሐሴ 16 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ማራኪ፣

ጌታ ልብሽን ያበርታው። አትዝጊ።

ያ ሰው በየጠዋቱ የሚመጣው የሚያገኘው ነገር ቢኖር ነው። ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። መናገር ካልቻልሽ አንብቢ። ስትሄጂ የሰጠሁሽ መጽሐፍ ቅዱስ አለ አይደለም? መዝሙረ ዳዊትን ከአንድ ጀምረሽ በየቀኑ አንድ አንድ አንብቢ። ሲያልቅ እንደገና ጀምሪ። የሚያስደስተውን እየመረጥሽ እንዳትዘይ፣ በተራው አንብቢ። ማንበብ ደግሞ ታውቂበታለሽ። እዚህ ሳለሽ ደብዳቤ የምታነቢልኝ አንቺ ነበርሽ። ጆሮዬ ላይ ተጠግተሽ ስታነቢ አንድ ቃል አያመልጠኝም ነበር።

ስለ ባትሪ አታስቢ። አያስፈልገኝም።

አክስትሽ ሰናይት


ዋይትሆል፣ ኮሎምበስ
ኖቬምበር 14 ቀን 2021

ለምወድዎ ለእትዬ ሰናይት፣

ጌታ ከእርስዎ ጋር ይሁን። እንዳሉኝ አደረግሁ። ያልታወቀው ሰው ከገባ በኋላ አንዱን መዝሙር አነብና ዝም እላለሁ። መጀመሪያ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አሁን ደህና ነው። ሰውየው ወይም ሴትየዋ እንደሁልጊዜው ዝም ነው። የዝምታው ሰዓት ረጅም ነው። መስኮቱ እስኪገረጣ አየዋለሁ፣ ከዚያ የአባዬ መኪና ይመጣል።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እንዳይስቁብኝ። አንድ ቀን ጸለይኩ። ጮክ ብዬ ማለቴ ነው። ሰው ባለበት ስጸልይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ረጅም አልነበረም። «ጌታ ሆይ፣ አሰላ ያለችውን አክስቴን ሰናይትን አስባት፤ ጆሮዋን» ብዬ ቃል ጠፋኝና ዘጋሁት። «አሜን» የሚል አልነበረም። ፊቴ ነደደ።

የጸለይኩት ስላሳሰበኝ ነው። ባትሪ «አለኝ» አሉ፣ ከዚያ «አያስፈልገኝም» አሉ። እዚያ መግዛት ጀመሩ? ደግሞ ሰባኪው ስለ ምን እንደሰበከ ጽፈውልኝ አያውቁም፣ ድሮ ግን ስብከቱን ከነምዕራፉና ከነቁጥሩ ነበር የሚነግሩኝ። እባክዎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ማራኪ


ዋይትሆል፣ ኮሎምበስ
ፌብሯሪ 13 ቀን 2022

ለምወድዎ ለእትዬ ሰናይት፣

መልስዎ ሳይመጣ ነው የምጽፍልዎ። ሰላምታውን በልብዎ ይሙሉልኝ፣ ዛሬ አልችልም።

ያ ቁጥር ቀረ። ጃንዋሪ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ሳይገባ ዋለ። በረዶ ነበር፤ የበረዶው ጉዳይ መስሎኝ መዝሙሩን ለብቻዬ አነበብኩ። በነጋታውም አልመጣም። እሑድ ቸርች ውስጥ ጋሽ ነጋ ተነሥተው ፎረስት ፓርክ የሚኖሩ ጋሽ ፍሥሐ የሚባሉ አባት ማረፋቸውን ተናገሩ። እግራቸው እምቢ ስላላቸው ሕንጻው ከተከፈተ ወዲህ አልመጡም ነበር አሉ። እኔ ያኔም ገና አላገናኘሁትም።

ከአባዬ ጋር ለቅሶ ደረስን። ወንበር ስለሞላ ኩሽና በር ላይ ቆምኩ። ልጃቸው ሉሉ ትባላለች፤ ትልቅ ሴት ናት፣ እዚሁ የተወለደች። የጠረጴዛ ስልኩ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፣ አጠገቡም አንድ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ነጋ በሩ ጋ ሲያዩኝ «ይህችማ የጠዋቱን መስመር የምትከፍተው የግርማቸው ልጅ ናት» አሏት።

ሉሉ እጄን ያዘችኝ። «ዌይት፣ ልጅቷ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «ዳዲ ሁልጊዜ ‹ልጅቷ፣ ልጅቷ› ይላል። ‹ልጅቷ ዛሬ ጥሩ አነበበች፣ ልጅቷ ዛሬ ጉንፋን ይዟታል› ይላል። ሶሪ፣ አማርኛዬ ጥሩ አይደለም።»

 እሷ ቀጠለች።

«ሲጸልይ በጣም ይጮሃል እኮ። እኔ ደውዬለት ፎቅ ላይ ተመልሼ ስተኛ ይቀሰቅሰኛል። ‹ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ሥራ አለብኝ› ስለው ‹ዝም በይ፣ ልጅቷ እየሰማችኝ ነው› ይለኛል።»

እትዬ፣ ያኔ ሁሉም ገባኝ። የዚያን ቀን የተጫንኩት፣ የሚገባውን ሰው ሁሉ ድምፅ የሚዘጋው፣ እንደተዘጋ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ማንም አልነካውም። የድሮዎቹ ሰዎች ስታር ስድስት መጫን ያውቁ ነበር። ጋሽ ፍሥሐ ግን የመጡት ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው። ሉሉ ቁጥሩን ደውላ ስልኩን በእጃቸው ትሰጣቸዋለች፣ እሳቸው ይጸልያሉ። የነገራቸው ሰው የለም። «ማን ልበል?» ስላቸው መልሰውልኛል ማለት ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ስል «አብሮ ይስጥልኝ ልጄ» ብለውኛል። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ሰው ነው እያልኩ መስኮት አያለሁ።

ከሁሉ የባሰው ገና ነው። ሉሉ ጠጋ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ ይመስል ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «ምን ይል ነበር? አማርኛው ዲፕ ነው፣ አይገባኝም። አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። አንቺ ሰምተሻል፣ ንገሪኝ። ስሜን ሲጠራ ብቻ ነው የማውቀው። ደግሞ ሰናይት የምትባል ሴት አለች። ኤቭሪ ሞርኒንግ ሰናይት፣ ሰናይት። ጆሮ ማለት ይሄ ነው አይደል? ሰናይት ማን ናት?»

«አክስቴ ናት» አልኩ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። የሰማችው አልገባትም፣ የሚገባኝ እኔ አልሰማሁም። እዚያ ቤት ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ጋሽ ፍሥሐ ምን ብለው እንደጸለዩ የሚነግራት አንድ ሰው አልነበረም። እሷ ግን ዝምታዬን ለቅሶ አድርጋው አቀፈችኝ። «ኢትስ ኦኬ፣ ሌላ ቀን ትነግሪኛለሽ» አለችኝ።

መኪና ውስጥ አባዬ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። ነገርኩት። «መጦሪያው ውስጥም አረጋውያኑ በመስተዋት ማዶ ነበር የሚያወሩን፣ ድምፃቸው አይሰማም» አለ። 

ቤት ስደርስ የተዘጋውን ከፈትኩት። ከእንግዲህ የሚገባ ሰው ድምፁ ይሰማል። የሚገባ ሰው ግን የለም።

ማራኪ


አሰላ
ግንቦት 7 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ ማራኪ፣

ጌታ ያጽናናሽ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን ሳልመልስ የቆየሁት ምን እንደምልሽ ስለጨነቀኝ ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ግን መደበቄ አሳፈረኝ።

እኔ አልሰማም፣ ማራኪ። ጥቂት ሳይሆን ምንም። ገናን አክብረን ስለ መዘምራኑ ልብስ በጻፍኩልሽ ጊዜ ጆሮዬ አልቆ ነበር። ሐኪሙ «ባትሪ አይደለም ችግሩ» ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ማዳመጫውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ያልነገርኩሽ ርቀሽ ሳለሽ እንዳታዝኚ ብዬ ነው፣ ደግሞም ከጻፍኩት እውነት እንዳይሆን ፈርቼ ነው።

እሑድ እሑድ ግን እሄዳለሁ። ሳህሌ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦታ ይይዝልኛል። ሲነሡ እነሣለሁ፣ ሲቀመጡ እቀመጣለሁ። አንዳንድ ቀን ምን ልሠራ መጣሁ እላለሁ። ደስ እያለኝ ነው የምሄደው ብዬ አልዋሽሽም። አንድ ቀን ቀረሁና ሳህሌ በማግሥቱ በሬን አንኳኳ። እኔ የማልሰማውን በር! ጎረቤት በእጇ ጠቅሳኝ ብወጣ ቆብ በእጁ ይዞ ቆሟል። በጣቱ ሁለት አሳየኝ፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦታዬ ባዶ ነበር ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አልቀርም።

ያ አባት ስሜን ይጠራ ነበር ብለሽ ከጻፍሽው በኋላ ደብዳቤውን በደረቴ ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ጆሮዬ አልተከፈተም። ይህንንም ልዋሽሽ አልፈልግም። ነገር ግን አንድ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ በየጠዋቱ ሰናይት ብሎኛል።

ለሉሉ እውነቱን ንገሪያት። የምትጠብቀው የሌለ ነገር ነው፣ አታስጠብቂያት።

ደግሞ ጻፊልኝ፤ ያንን መስመር የምትከፍቺበት ሰዓት በኛ ስንት ሰዓት ነው? ያን ጊዜ ቁጭ እላለሁ። ስልክ የለኝም፣ ቢኖረኝም አልሰማሽም። ግን እቀመጣለሁ።

አክስትሽ ሰናይት


ዋይትሆል፣ ኮሎምበስ
ጁላይ 24 ቀን 2022

ለምወድዎ ለእትዬ ሰናይት፣

ጌታ ብቻዎን አይተውዎ። ደብዳቤዎን ሦስት ቦታ ላይ እያቆምኩ ነው የጨረስኩት። አባዬም አነበበው። ሲጨርስ አጣጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተውና ሥራ ሄደ። አልመለሰልኝም።

ለሉሉ ነገርኳት። ክሊንተንቪል የምትሠራበት ሱቅ ድረስ ሄጄ ነው፣ በስልክ ብጀምር ቃል እንደሚጠፋኝ አውቃለሁ። ሰምታኝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ሶ ማንም አልሰማውም?» አለችኝ። እግዚአብሔር ሰምቷል ማለት ነበረብኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ለልጆች የምንለው ነው። ከአፌ ግን አልወጣም፤ በእሷ ፊት ቀላል ነገር አድርጌ መናገር አልቻልኩም። «እኔን ሰምተውኛል» ብቻ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። የቤቱን ስልክ አስቆርጣዋለች፣ ቤቱም ሊሸጥ ነው።

ሌላም አለ። ባለፈው እሑድ ከአገልግሎት በኋላ ጋሽ ነጋና ጋሽ ለማ ስለ ቸርቹ ወጪዎች ሲነጋገሩ ጋሽ ነጋ እኔን አዩና «ለመሆኑ ያ የስልክ መስመር አሁንም አለ? መዘጋት አለበት እኮ። ማን ይጠቀምበታል?» አሉ።

«እኔ» አልኩ።

ጋሽ ነጋ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ከማን ጋር?»

 ፊቴ እሳት ሆነ። ቢሆንም አልሄድኩም፣ ቆምኩ። ጋሽ ለማ ሳቁና «ተዋት ነጋ። እኔ ስንት ቀን የተኛሁበት መስመር ነው፣ በክብር ይቆይልኝ» አሉ። ሰው ሳቀ። መስመሩም ተረፈ።

ሰዓቱን ጠይቀውኛል። የኛ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በእርስዎ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። መዝሙሮቹን ከሰኔ መጨረሻ ጀምሬ እንደ አዲስ ከአንድ ጀምሬአለሁ።

ልጅዎ ማራኪ


አሰላ
መስከረም 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ማራኪ፣

ጌታ አዲሱን ዓመት ይባርክልሽ።

ስድስት ሰዓት ላይ እቀመጣለሁ። መስኮቱ ጋ ነው። ለሳህሌ በወረቀት ጻፍኩለትና በዚያ ሰዓት አይመጣብኝም። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ እንደ ጋሽ ለማሽ ነው። አንዳንዴም ምንም አይሰማኝም፣ በልቤም ቢሆን። ግን ሰዓቱን አላሳልፍም።

የትኛው መዝሙር ላይ ደረስሽ? ንገሪኝ፣ እኔም እከፍተዋለሁ።

አክስትሽ ሰናይት


ዋይትሆል፣ ኮሎምበስ
ኖቬምበር 5 ቀን 2022

ለምወድዎ ለእትዬ ሰናይት፣

ጌታ መስኮትዎ ላይ ፀሐይ አያሳጣዎ። ደብዳቤዎ ትናንት ገባ።

አንድ ነገር በሐምሌ ልነግርዎ ሲገባ ረስቻለሁ። እዚህ አገር ክረምት ሲገባ ሰዓት ይቀይራሉ። ነገ እሑድ ሁሉም ሰው ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል። የእርስዎ ግን አይቀየርም። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ የኛ አሥራ አንድ ሰዓት በእርስዎ ሰባት ሰዓት ነው። እባክዎ ከመቼ ጀምሮ ሰባት ሰዓት ላይ እንደሚቀመጡ ቀን ቆርጠው ይጻፉልኝ። መጋቢት ላይ እንደገና ወደ ስድስት ይመለሳል፣ ያኔ አስቀድሜ እጽፍልዎታለሁ።

ይህ ደብዳቤ ግን በቶሎ አይደርስዎትም፣ በስልክም ልነግርዎ አልችልም። እስኪደርስ ድረስ እርስዎ ስድስት ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ። እኔ እንደ ድሮዬ አሥራ አንድ ላይ ብከፍት፣ እርስዎ ተነሥተው ሄደው፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ነው የማነበው። 

ሰዓቱን ላስቀድመው ወይ ብዬ አባዬን ጠየቅሁት። «ማን ያውቅብሻል? እሷ አትሰማም፣ መስመሩ ላይም ሰው የለም» አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም፣ ደክሞት ነው። ከዚያ ሥራ ሊሄድ ጫማውን እያሰረ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትነሺው ታዲያ?» አለ። ነገርኩት። የራሱን የማንቂያ ሰዓት አምጥቶ አልጋዬ አጠገብ አስቀመጠውና ወጣ።

ስለዚህ መልስዎ እስኪመጣ ድረስ አሥር ሰዓት ላይ ተነሥቼ እከፍታለሁ። ገና ጨለማ ነው፣ የመኪና ድምፅ እንኳ የለም። እርስዎ ግን በስድስትዎ መስኮቱ ጋ ይሆናሉ። አደራ፣ የቆረጡት ቀን ሳይደርስ ሰዓት አያቀያይሩ። እኔ ነኝ የምመጣው።

የት እንደደረስኩ ጠይቀውኛል። እስካሁን ከመቶ ሃያ ማለፍ ነበረብኝ፣ ግን ነሐሴ ላይ በጉንፋን ድምፄ ጠፍቶ ለብዙ ጊዜ መስመሩን ከፍቼ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ነገ ሰማንያ ስምንተኛው ነው። ቀድሜ አየሁት፤ ሌሎቹ ሲያለቅሱ ጀምረው ሲጨርሱ ያመሰግናሉ፣ ይህኛው ግን ጨለማ ላይ ነው የሚያልቀው። ነገ ጠዋት ማንም በሌለበት ይህንን ማንበብ ከበደኝ፣ ልዝለለው ብዬም ነበር።

ተራው ነው። አልዘለውም። እርስዎም ይክፈቱት።

ልጅዎ ማራኪ